ጥሬው ፍሬ ነው ወይስ የበሰለው የሚያከሳው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ መልእክቶች በብዛት ስለ መክሳት ናቸው። ብዙዎቹም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ፍሬው የሚሠራው ሳይበስል ነው ወይስ በስሎ? ደስ የሚል ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው የፍሬውን ስም ይጠይቃል እንጂ መቼ እንደተለቀመ አይጠይቅም። ስለዚህ የተወሰኑትን መርጬ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ ገርጂ ነው የምኖረው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የጨመርኩት ኪሎ አልወርድ ብሎኛል። ታናሽ እህቴ ከዱባይ የሚያከሳ ካፕሱል ላከችልኝ። ጀርባው ላይ ያልበሰለ የመራራ ብርቱካን ፍሬ ኤክስትራክት (ከፍሬው ተጣርቶ የወጣ) አለበት ይላል፣ ካፌይንም አለው። ለምንድነው ያልበሰለ የሆነው? ያልበሰለው ከተሻለ ገበያ ሄጄ አረንጓዴ ብርቱካን ገዝቼ ብበላስ? ደግሞ ከወለድኩ ወዲህ ግፊቴ ትንሽ ከፍ ይላል።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። ግፊት ካለሽ ካፕሱሉን አትዋጪው። ጡት የምታጠቢም ከሆነ እንደዚሁ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

መራራ ብርቱካን እኛ ልጠን የምንበላው ብርቱካን አይደለም። ዘመዱ ነው። ቆዳው ወፍራምና ሸካራ ነው፣ ውስጡ ኮምጣጣና መራራ። ስፔን ሴቪያ ከተማ ውስጥ በየመንገዱ ዳር ተተክሎ የሚታየው እሱ ነው፣ እንግሊዞችም ማርማላታ የሚሠሩት ከሱ ነው። በብዙ አገር የጣፋጩ ብርቱካን ቅርንጫፍ የሚቀጠለው በዚህ ዛፍ ሥር ላይ ነው። ስለዚህ ገበያ የምታገኚው አረንጓዴ ብርቱካን እሱ አይደለም። እንዲያውም የቆላ ብርቱካን ውስጡ በስሎ ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ቆዳው ቢጫ እንዲሆን የሌሊት ብርድ ይፈልጋልና። በቀለሙ ብቻ ጥሬ ነው ማለት አትችዪም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የፍሬውን ብስለት በጥንቃቄ ለይተው ሲጠቀሙ የኖሩት ቻይናዎች ናቸው። ከአንድ ዛፍ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ያወጣሉ። የመጀመሪያው ዢሺ ይባላል። በግንቦትና በሰኔ አካባቢ ገና እንጭጭ ሆኖ ከዛፉ የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ፣ ትልልቁን ለሁለት ይከፍሉታል፣ ያደርቁታል። የደረቀው ፍሬ ግማሽ ሳንቲሜትር ከምታክል ፍንጣሪ እስከ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ድረስ ይሆናል፣ ውጩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሸካራ ነው፣ ውስጡ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ቀምሰሽው ምላስሽ ላይ መራራም ኮምጣጣም ነው። ሁለተኛው ዢቻኦ ነው። እሱ በሐምሌ ይለቀማል፣ ቆዳው አሁንም አረንጓዴ ነው ግን ፍሬው አድጓል፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲሜትር ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ብቻ ነው። የቻይና የመድኃኒት መዝገብ ግን ሁለቱን የሚፈትሻቸው በተለያየ ነገር ነው። ዢሺ ቢያንስ 0.3 በመቶ ሲኔፍሪን የሚባል ንጥረ ነገር እንዲኖረው ይጠይቃል፣ ዢቻኦ ደግሞ የሚለካው ናሪንጂንና ኒዮሄስፔሪዲን በሚባሉት መራራ ንጥረ ነገሮች ነው።

ሲኔፍሪን ነው የካፕሱሉ ቁም ነገር። እንጭጩ ፍሬ ውስጥ ለክብደቱ ሲታይ ብዙ ነው። ፍሬው እያደገ ውኃና ስኳር ሲጨምር ድርሻው እየቀነሰ ይሄዳል። ኩባንያዎቹ ያልበሰለውን የሚፈልጉት ለዚህ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የሚገርመው ግን ቻይናዎቹ ዢሺን ሲጠቀሙበት የኖሩት ለመክሳት አይደለም። ለሆድ መነፋት፣ ምግብ አልፈጭ ሲል፣ ለሆድ ድርቀት ነው። ከመክሳት ጋር የተያያዘው በቅርቡ አሜሪካ ውስጥ ነው። ቀድሞ የሚያከሱ እንክብሎች ውስጥ ኤፌድራ የሚባል ተክል ነበር፣ ውስጡ ኤፌድሪን አለበት፣ ልብን ያስሮጣል። በ2003 ስቲቭ ቤችለር የሚባል የ23 ዓመት የቤዝቦል ተጫዋች ልምምድ ላይ ወድቆ ሞተ፣ ኤፌድራ ያለበት እንክብል ይወስድ እንደነበር ተነገረ። በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፌድራ ያለባቸውን ሰፕልመንቶች አገደ። ኩባንያዎቹ ወዲያው ምትክ ፈለጉ፣ መራራ ብርቱካንን አገኙ። «ከኤፌድራ ነፃ» እያሉ ሸጡት። ሲኔፍሪን ግን በአሠራሩ ለኤፌድሪንና ሰውነታችን ራሱ ለሚያመርተው አድሬናሊን የቅርብ ዘመድ ነው።

ያከሳል ወይ? በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ትንንሽና አጫጭር ናቸው፣ ብዙዎቹም ሲኔፍሪኑን ከካፌይንና ከሌሎች ነገሮች ጋር ቀላቅለው ነው የሰጡት። በርግጥ ያከሳል የሚያስብል ውጤት አልተገኘም። በሌላ በኩል የልብ ምትና የደም ግፊት መጨመር በተለይ ከካፌይን ጋር ሲሆን ተመዝግቧል። አንቺ ደግሞ ግፊቴ ከፍ ይላል ብለሽኛል። ለማይታወቅ ጥቅም የሚታወቅ ጉዳት መግዛት ነው የሚሆንብሽ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። መራራ ብርቱካን ልክ እንደ ግሬፕፍሩት አንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳል። ስለዚህ አንዳንድ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ሳይሰባበሩ በብዛት ደም ውስጥ ይገባሉ፣ አንድ ኪኒን ውጠሽ ከአንድ በላይ የዋጥሽ ያህል ይሆናል። ሐኪም ለግፊትሽ መድኃኒት ካዘዘልሽ የካፕሱሉን ዕቃ ይዘሽ ሂጂና አሳዪው። ስሙን ከመናገር ዕቃውን ማሳየት ይሻላል።

እህትሽም በፍቅር ነው የላከችልሽና አመስግኚያት። ሌላ ጊዜ ግን ከመግዛቷ በፊት ጀርባውን ፎቶ አንስታ ትላክልሽ።

«እኔ አርባ ምንጭ ነው ያለሁት፣ ሙዝ በየቤቱ ነው። ጂም የምንሠራ ልጆች ጥሬ ሙዝ ስብ ያቃጥላል እያልን አንዳንዴ ቀቅለን አንዳንዴ ዱቄቱን በውኃ እየበጠበጥን እንጠጣለን። እውነት ነው እንዴ?»

ወንድሜ፣ ስብ አያቃጥልም። ግን ከወሬው ጀርባ እውነተኛ ነገር አለ፣ እሱን ልንገርህ።

ሙዝ ሲበስል የሚደርስበት ለውጥ በጣም ትልቅ ነው። ጥሬው ላይ ከሥጋው ክብደት 20 በመቶ ያህሉ ስታርች (ድንች ውስጥ ያለው ዓይነት የማይጣፍጥ ነገር) ነው፣ ስኳሩ ከአንድ ወይም ከሁለት በመቶ አይበልጥም። በደንብ ሲበስል ይገለበጣል፣ ስኳሩ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል፣ ስታርቹ ወደ አንድ በመቶ ይወርዳል። የጥሬው ስታርች ደግሞ ለየት ያለ ነው፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ አብዛኛው አይፈጭም። ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይበሉታል። በዚህ ምክንያት ጥሬ ሙዝ ደም ውስጥ ስኳርን ቶሎ አያወጣም። በ1992 የታተመ አንድ ጥናት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች ያልበሰለና ከመጠን በላይ የበሰለ ሙዝ ሰጥቶ ለካ። ደም ውስጥ ስኳርን የማውጣት አቅሙ፣ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ የሚሉት፣ ላልበሰለው 43፣ ለበሰለው 74 ሆነ። ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ጠቆር ጠቆር ያለውን ሙዝ ትቶ ጠንከር ያለውን መምረጥ ትርጉም አለው።

እናንተ ግን ለመክሳት ነው። እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። መጀመሪያ፣ ስትቀቅሉት ያ የማይፈጨው ስታርች ውኃ ጠጥቶ ያብጥና አብዛኛው የሚፈጭ ይሆናል። እንደ ድንች ማለት ነው። ቀቅላችሁ ካቀዘቀዛችሁት የተወሰነው ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይመለስም። ያልተቀቀለው ዱቄት ይሻላል፣ ግን በሙቅ ወተት ወይም በገንፎ መልክ ከሆነ ያው መቀቀል ነው። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያዎቹ ስታርቹን ሲበሉ ጋዝ ያወጣሉ። ሆዱ የሚነፋ፣ የሚጮህ፣ ጂም ውስጥ ቁጭ ብድግ ሲል የሚጨነቅ ካለ ከዚህ ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው። ጥሬ ሙዝ ቶሎ ሊያጠግባችሁ ይችላል፣ ከጠገባችሁ ሌላ ምግብ ትቀንሱ ይሆናል፣ መክሳቱ ከመጣ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው። በምሳ ላይ ጨምራችሁ ከጠጣችሁት ግን ምግብ ጨመራችሁ እንጂ ምንም አልቀነሳችሁም።

ሙዛችሁ ደግሞ አዲስ አበባ የሚመጣው ጥሬውን ነው፣ በመኪና ተጭኖ። ከዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭስ እየተሰጠው ይበስላል። እናንተ ከዛፉ ሥር ያላችሁ ሰዎች በፈለጋችሁት የብስለት ደረጃ የምትበሉት ነገር አላችሁ። እኔ ብሆን ጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነውን ቢጫ ሙዝ ከስፖርት በፊት እበላለሁ። የሚጣፍጠውም ያኔ ነው።

«የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ለመምረጥ ሳነብ ኮሪያ ውስጥ ቦክቡንጃ የሚባል ፍሬ ሳይበስል ውፍረትን ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አገኘሁ። የኛ አገር ጫካ ውስጥ ያለው እንጆሪም የዚሁ ዘመድ ነው። አረንጓዴውንና የበሰለውን አወዳድሬ ብሠራ ምን ይመስልሻል? ለምንድነው ብዙ ጊዜ ጥሬው የሚያሸንፈው?»

የኔ ወንድም፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ሥራው! ግን ከመጀመርህ በፊት የምነግርህ ብዙ ነገር አለ።

ቦክቡንጃ የኮሪያ እንጆሪ ነው ማለት ይቻላል፣ ሲበስል ጥቁር የሚሆን። ጎቻንግ የሚባለው ወረዳ የታወቀበት ነው፣ ከበሰለው ወይን ጠጅ ይሠራሉ። ለባህላዊ መድኃኒት ግን የሚለቀመው ሳይበስል ነው፣ አረንጓዴ እያለ ተለቅሞ ይደርቃል። ማለትም አንዱ ፍሬ በአንዱ ዕድሜው መጠጥ ነው፣ በሌላው ዕድሜው መድኃኒት። ጥሬው ውስጥ ኤላጂክ አሲድና ታኒኖች በብዛት አሉ። ሲበስል እነሱ እየቀነሱ ጥቁር ቀይ የሚያደርጉት አንቶሲያኒኖች ይጨምራሉ። ስብ የበዛበት ምግብ ለተሰጣቸው አይጦች የጥሬውን ኤክስትራክት ሲሰጡ ክብደታቸው የጨመረው ካልተሰጣቸው ያነሰ ነው የሚል ውጤት ታትሟል።

ለምን ጥሬው ያሸንፋል? አንዱ ምክንያት ከተክሉ ኑሮ የመጣ ነው። ዘሩ እስኪጠና ድረስ ፍሬው እንዲበላ አይፈልግም። ስለዚህ መራራ፣ ኮምጣጣ፣ አፍ የሚያጨማትር ያደርገዋል፣ ታኒኑ ያ ነው። ዘሩ ሲጠና ደግሞ ወፍ መጥታ እንድትወስደው ይቀላል፣ ይጣፍጣል፣ ይለሰልሳል። አፍ የሚያጨማትረው ታኒን ፕሮቲን ላይ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ኢንዛይም ደግሞ ፕሮቲን ነው። ብልቃጥ ውስጥ ስብ የሚፈጨውን ሊፓስን ወይም ስታርች የሚፈጨውን አሚሌዝን ከታኒን ጋር ስትቀላቅለው ኢንዛይሙ ይዳከማል። ይሄ ለሁሉም ማለት ይቻላል ይሠራል። ያልበሰለ የማንኛውም ፍሬ ኤክስትራክት ብትወስድ ሊፓስን ሊያግድልህ ይችላል፣ ስለዚህ ብልቃጥ ውስጥ አገደ ብሎ ብቻ ማተም ብዙም አዲስ ነገር አይነግረንም።

ሁለተኛው ምክንያት የስሌት ነው፣ እሱን በጣም ተጠንቀቅ። አወዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ አንድ ግራም የደረቀ ጥሬ ኤክስትራክት ከአንድ ግራም የደረቀ የበሰለ ኤክስትራክት ጋር ነው የሚያወዳድሩት። የበሰለው አንድ ግራም ውስጥ ግን አብዛኛው ስኳር ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሳሳ ብሎ ይታያል። ጥሬው አሸነፈ ስንል አንዳንዴ የምንለው ስኳሩ ገና አልመጣም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤትህን በሁለት መንገድ አቅርብ፦ በደረቅ ግራም እና በአንድ ሙሉ ፍሬ። ከቻልክ ስኳሩን አውጥተህ ሦስተኛ ንጽጽር ሥራ። አንድ ፍሬ በማደጉ ብዛቱ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፣ ድርሻው ቀነሰ እንጂ ንጥረ ነገሩ አልጠፋም። በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።

አለቃቀሙ ላይ፣ ጥሬና በሰለ ብለህ በዓይን አትለይ። ሲያብብ አበባው ላይ ክር እሰርና ቀኑን ጻፍ፣ ካበበ ስንት ቀኑ እንደሆነ ታውቃለህ። ጭማቂውን በሪፍራክቶሜትር ለካ፣ የብሪክስ ቁጥሩን (የስኳሩን መጠን የሚያሳየውን) ጻፍ። ቀለሙን ፎቶ አንሳ፣ ከጎኑ ነጭ ወረቀት አድርገህ። ሁሉንም ደረጃ ከአንድ ቁጥቋጦ ወይም ቢያንስ ከአንድ አካባቢ ልቀም፣ አረንጓዴውን ከደጋ የበሰለውን ከወይና ደጋ ካመጣህ ብስለቱን ሳይሆን ቦታውን ነው የለካኸው። ከተክሉም ቅጠል፣ አበባና ፍሬ ያለበት ናሙና አድርቀህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማከማቻ) አስመዝግብ። እንጆሪ የምንለው ከአንድ በላይ ዝርያ ነውና በኋላ የትኛው ነው ተብለህ እንዳትቸገር።

ብስለት ላይ መሥራት በአገራችን አዲስ አይደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ነገር እንዳለው ገባው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ረጅም ነው፦ የትኛው የእንዶድ ዓይነት ይሻላል፣ ፍሬው መቼ ይለቀም፣ ሳይቀላ ነው ወይስ ቀልቶ። የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓይነቶቹን እያወዳደረ ቁጥር 44 የተባለውን መረጠ፣ ኃይለኛው ፍሬም አድጎ ገና ሳይቀላ አረንጓዴ እያለ የሚለቀመው እንደሆነ ታወቀ። ሁለቱ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ጥናትህን ስትጽፍ እነሱን መነሻ አድርግ፣ የሚያኮራ መነሻ ነው። እንዶድ ግን መርዝ ነው፣ ማንም ለመክሳት ብሎ እንዳይቀምሰው።

ርዕስህ ላይ ደግሞ «ውፍረት ይቀንሳል» ብለህ አትጻፍ፣ ብልቃጥ ውስጥ ወይም አይጥ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፍ። አይጦቹ የሚበሉት ከኃይሉ 45 ወይም 60 በመቶው ስብ የሆነ ምግብ ነው፣ ሰው እንዲህ አይበላም። ለንጽጽር አንድ የሰው መድኃኒት ልስጥህ። ኦርሊስታት የሚባለው ሊፓስን በማገድ የሚሠራ፣ በትክክል ተፈትኖ የተፈቀደ ነው። 120 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር ተወስዶ ከምትበላው ስብ 30 በመቶ ያህሉን እንዳይገባ ያደርጋል። ያም ሆኖ የሚቀንሰው ጥቂት ኪሎ ነው። የእንጆሪ ኤክስትራክትህን ውጤት ከዚህ አጠገብ አስቀምጠህ እየው። ያኔ ምን ያህል መናገር እንዳለብህ ራስህ ታውቀዋለህ።

ስትጨርስ ላክልኝ፣ ማንበብ እፈልጋለሁ።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ግሪን ኮፊ የሚባል እንክብል ይወስዳል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ጋርሲኒያ ትወስዳለች። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለሆንን የቡናው ይሻላል ብሎ ይከራከረኛል። ያልበሰለ ቡና ነው አይደል?»

አይደለም። ግሪን ኮፊ ያልተቆላ ቡና ነው እንጂ ሳይበስል የተለቀመ አይደለም። ጥሩ ቡና ቀይ እሸቱ ተለቅሞ፣ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ ወይም ከነቆዳው ደርቆ የሚመጣ ነው፣ ይሄን ባለቤትሽ ያውቀዋል። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር ያልተቆላው ላይ ብዙ ነው፣ ሲቆላ ይቀንሳል። ኩባንያዎቹ የሚሸጡት እሱን ነው።

የዚህ እንክብል ታሪክ አሳዛኝ ነው። በ2012 ሕንድ ውስጥ 16 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ፣ ሰዎቹ በጣም ከሱ ተባለ፣ በቴሌቪዥን ተራገበ፣ ሰው በሰልፍ ገዛ። በኋላ ሲመረመር ቁጥሮቹ እምነት የሚጣልባቸው አልነበሩም። በ2014 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጥናቱን ያሠራውን ኩባንያ 3.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገ፣ በዚያው ዓመት ጥናቱ ተሰረዘ። ለባለቤትሽ ንገሪው። ቡናውን ቆልታችሁ ከነጭሱ ከነዕጣኑ ጠጡት፣ ስኳሩን ቀንሱ። ለኪሎ ከእንክብሉ የሚበልጠው ስኳሩን መቀነስ ነው።

ጋርሲኒያ የሚያሳስበኝ ነው። ደቡብ ሕንድ ኬረላ ውስጥ የሚበላ ፍሬ ነው፣ ዱባ የመሰለ መስመር መስመር ያለው። በስሎ ቢጫ ሲሆን ልጣጩን ያደርቁትና በጭስ ያጠቁሩታል፣ የዓሣ ወጥ ማኮምጠጫ ነው። አያችሁ፣ እዚህ የሚሰበሰበው የበሰለው ነው፣ ስለዚህ ጥሬው ሁሌ ይበልጣል የሚባል ሕግ የለም። ልጣጩ ውስጥ ሃይድሮክሲሲትሪክ አሲድ አለ። ብልቃጥ ውስጥ ስኳር ወደ ስብ የሚለወጥበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ሰው ላይ ሲሞከር ግን አልሆነም። በ1998 የታተመ ጥናት 135 ወፍራም ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ጋርሲኒያ፣ ግማሹን ምንም የሌለበት እንክብል ለ12 ሳምንት ሰጣቸው። በጋርሲኒያው በኩል የታየ ጥቅም አልነበረም። በዚህ ላይ ጋርሲኒያ ያለባቸውን እንክብሎች ወስደው ጉበታቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች አሉ። ጓደኛሽ ዓይኗ ቢጫ ካለ፣ ሽንቷ ከጠቆረ፣ በቀኝ ጎኗ ካመማት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ትሂድ። ባይታይባትም እኔ ብሆን ዛሬውኑ አቆም ነበር።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነኝ። የልጅ ልጄ ልታገባ ነው፣ በቬሎው እንድታምር ብላ ጥሬ ፓፓያ በየቀኑ ትበላለች። እኔ ያልበሰለ ፍሬ ሆድ ያማል ብዬ ነው የማውቀው። ልከለክላት ወይስ ልተዋት?»

እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ልክ ነዎት፣ ይንገሯት። ጥሬ ፓፓያ ሲሸነቆጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም አለበት፣ ፕሮቲን ይፈጫል፣ ሥጋ ለማለስለስ የሚጠቀሙበት እሱን ነው። የሰውነት ስብ ግን አይፈጭም። አፍና ከንፈር ሊያቆስል ይችላል። ደግሞ የጥሬው ወተት በአይጥ ማህፀን ላይ ሲሞከር ማህፀኑን አኮማትሯል፣ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬውን እንዳትበላ ይመከራል። የበሰለው ይህ ችግር የለበትም። የልጅ ልጅዎ ልታገባ ነውና ይሄን ከአሁኑ ብታውቀው ጥሩ ነው።

ያልበሰለ ፍሬ ላይ ያለዎት ጥርጣሬ ደግሞ መሠረት አለው። ጃማይካ ውስጥ አኪ የሚባል ፍሬ አለ፣ የአገሩ ብሔራዊ ምግብ ነው፣ ከዓሣ ጋር ጠብሰው ቁርስ ላይ ይበሉታል። ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ በራሱ ተከፍቶ ጥቁሩ ዘር እስኪታይ ድረስ ግን ማንም አይነካውም። ሳይከፈት ከተበላ ውስጡ ያለው ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ የደም ስኳርን በኃይል ይጥላል፣ ያስታውካል፣ ሰው ይገድላል። በሰለና ጥሬ የሚባለው ነገር እዚያ አገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሙሽራዋን የበሰለ ፓፓያ ከቁርስ ጋር ይስጧት። ከሠርጉ በፊት ያሉትን ሳምንታት ደግሞ አመሻሽ ላይ አብራችሁ በጣና ዳር በእግራችሁ ሂዱ፣ ለርስዎም ለጉልበትዎ ጥሩ ነው።

«አጭር ጥያቄ። ሎሚ በሙቅ ውኃ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አረንጓዴው ይሻላል ቢጫው? ስንት ወር ልጠጣ?»

ለመክሳት ከሆነ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ስብ አያቀልጡም። በለስላሳ ፋንታ የምትጠጪው ከሆነ ግን ጥሩ ነው፣ ኪሎው የሚቀንሰው ከቀረው ለስላሳ ነው። ቢጫው ብዙ ጊዜ ጭማቂ ይበዛዋል፣ ለመጭመቅም ይቀላል። ጨጓራሽን የሚያቃጥልሽ ከሆነ ተዪው። ጥርስሽን ለመጠበቅ ደግሞ ከጠጣሽ በኋላ አፍሽን በንጹሕ ውኃ ተጉመጥመጪ፣ ወዲያው ግን አትቦርሺው፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ቦርሺ፣ አሲዱ ያለሰለሰውን የጥርስ ሽፋን ብሩሹ እንዳይፍቀው።